አባዬ፣ ፎቅ አልፈልግም

ውድ አባዬ፣

ፌሮዎቹን አስቆርጫቸዋለሁ። ቤታችንን ስትሠራልን «ለሚቀጥለው ፎቅ መቀጠያ» ብለህ በዘጠኙ ኮለኖች አናት ላይ አቁመህ የተውካቸውን ብረቶች፣ አንድም ሳላስቀር። ከሰላምታ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤ እስከ መጨረሻው የማንበብ ልማድ እንደሌለህ ስለማውቅ ነው። ሁለት መስመር ታነብና «ገባኝ፣ ገባኝ» ብለህ አጥፈህ ኪስህ ትከተዋለህ። እንግዲህ ዋናው ነገር ደርሶሃል። የቀረው ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የኖረ ነገር ነው፤ ብታነበውም ባታነበውም እጽፈዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና የሆንነው አንተ ከሄድክ በኋላ ነው።

አክስቴ ባለፈው ማክሰኞ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥታ መልእክትህን ነገረችኝ። ዝናቡ ሲያባራ ሦስት ሠራተኞች ይዘህ እንደምትመጣ፣ የጀመርከውን ሳትጨርስ እንደማትሞት፣ ሲሚንቶውም ከወዲሁ እንደታዘዘ። እሷ የዋህ ናት፤ የምሥራች የምታበስረኝ መስሏት ፊቷ ፈክቶ ነበር። እኔ ደግሞ እዚያው መዝገብ ቤት፣ በፋይል መደርደሪያዎቹ መካከል፣ ባልደረቦቼ እየሰሙ ጮህኩባት። በማግስቱ ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። አንተን አልጠይቅህም።

የዛሬ አራት ወር የሆነውን ለዘመድ አዝማድ በራስህ መንገድ እንደተረክህ ሰምቻለሁ። በአንተ ተረት ውስጥ አንድ ደግ አባት አለ፣ አንዲት ውለታ የማይገባት ልጅ አለች፣ አፉን ዘግቶ የሚቀመጥ አንድ ሰነፍ አማች አለ። ሰውም እህህ ብሎ አዝኖልሃል አሉ። ስለዚህ እኔም እንደሆነው ልጻፈው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ እያቸው።

አማቴ ኦፕራሲዮን ነበረባት። እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን ለሁለት ሳምንት እሷ ጋ ሄድን። የቤቱን ቁልፍ ለአንተ ሰጠንህ። አደራ ያልንህ አንድ ነገር ነው፤ ደጅ ያሉትን አበቦች በሁለት ቀን አንዴ ውሃ አጠጣልን። ይኸው ነው። አንተ በማግስቱ ሠራተኛ ይዘህ መጥተህ ጣሪያውን አወረድከው።

ደግሜ ልጻፈው፣ ጣሪያውን። ቁልፍ በአደራ ተቀብሎ ዕቃ የሚያወጣ ሰው ይኖራል፤ ጣሪያ የሚያወርድ ግን ካንተ በስተቀር ሰምቼ አላውቅም። እኛ እስክንመለስ ሶሌታውን፣ የፎቁን የኮንክሪት ወለል፣ ሞልተህ፣ ከመንገድ ሆነን ቀና ስንል ፎቅ ልታሳየን ነበር። ስጦታ መሆኑ ነው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ያለ ወሩ ዝናብ ጣለ። የዘረጋኸው ሸራ ውሃውን ያዘ፣ ያዘና በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ኮርኒሱ አልጋችን ላይ ወደቀ። ፍራሹ፣ ቁም ሳጥኑ፣ የልጄ ደብተሮች፣ ባለቤቴ በሠርጋችን ቀን የለበሰው ብቸኛ ሙሉ ልብሱ፣ ሁሉም ጭቃ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ አንተ ግን የራስህን ብብት ትተህ የኔን ነው የጣልክብኝ።

ስንደርስ ግድግዳው ጫፍ ላይ ቆመህ ነበር። ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ጠቅልለህ፣ ቱምቢህን በእጅህ አንጠልጥለህ፣ ፊትህ በርቶ። ከላይ ሆነህ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ። ፍራሹን ተዉት እሱ ይደርቃል፣ መጀመሪያ ውጡና ይሄን እዩት» አልከን።

እኔ የሌለሁ ሲመስልህ፣ ዳቦ ጋጋሪ በመሆኑ «ዳቦው» እያልክ የምትጠራው ባሌ በዚያን ቀን ያደረገውን አላየህም፤ አንተ ደረጃው የት እንደሚያርፍ በጣትህ እያሳየህ ነበር። ሻንጣውን አስቀመጠ። ሠራተኞችህ ላብ በላብ ሆነው ሲያይ ውሃ ቀድቶ ሰጣቸው። ከዚያ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ መልሶ አሰረ፣ እንደገና ፈታ። የጮህኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ የወጣው በኔ ድምፅ ነው። ያልኩህን ሁሉ ብዬሃለሁ፣ አንዱንም አልክድም። አንተ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ሜትርህን ዘረጋህ።

ጣሪያው ተመልሶ እስኪከደን ሦስት ሳምንት አክስቴ ሳሎን ውስጥ መሬት ላይ ተኛን። ባለቤቴ ዳቦ ቤት የሚገባው ሰው ገና ሳይነሳ ነው፤ የሚተኛው ከሰዓት በኋላ ነው። አክስቴ ቤት ከሰዓት በኋላ የማይገባ የማይወጣ ሰው የለም። ዓይኑ ደም መሰለ። አንድ ቀን ሊጥ እያቦካ ቆሞ አንቀላፍቶ ክንዱን ማሽኑ ሊይዘው ለጥቂት ተረፈ። ያን ለት ቤት መጥቶ እንዲህ አለኝ። «አባትሽን ከቤቴ አላባርርም፣ አባትሽ ናቸው። ግን እንደገና ጣሪያው ላይ ከወጡ እኔ ሻንጣዬን ይዤ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ተጣልቼሽ አይደለም። እንቅልፍ ስለምፈልግ ነው።» አስራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን የሚያህል ንግግር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የሚለውን ደግሞ ያደርጋል።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው፣ አባዬ። ወይ አንተ ጣሪያዬ ላይ አትወጣም፣ ወይ እኔ ባል የለኝም። አማካይ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

«ለመሆኑ ምን አላችሁ?» ትለኛለህ ሁልጊዜ። ጎረቤቱ ሁለት ፎቅ አቁሞ፣ አብራኝ የተማረችው የመምሪያ ኃላፊ ሆና፣ እናንተ ምን አላችሁ? እንግዲህ ልንገርህ። ከሥራ የምወጣው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ገና ከእንቅልፉ ነቅቶ የደጁ ደረጃ ላይ ፊቱን እያሻሸ ያገኘኛል። ፀሐይዋ በዚያ ሰዓት ከአጥሩ በላይ ትሆንና ደረጃዋን ብቻ ታሞቃለች። ልጃችን ደብተሯን ወለሉ ላይ ዘርግታ በሆዷ ተኝታ ትጽፋለች። እሱ ከዳቦ ቤት ያመጣውን፣ ጫፉ ያረረ ስለሆነ ያልተሸጠውን ዳቦ ቆርሶ ይሰጠኛል። ስለ ምንም አናወራም፤ ቢበዛ የትኛው ደንበኛ እንደተከራከረ፣ የትኛው ፋይል እንደጠፋ። ፀሐይዋ ስትሄድ እንገባለን። ይኸው ነው ያለን። አንተ ይህን ሰዓት ስታይ «ሥራ ፈት» ትላለህ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ለዚህ ሰዓት ነው።

ባለፈው ዓመት የክፍል ኃላፊ ሁኚ ብለውኝ እንቢ ያልኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ኃላፊው ሲመሽ ነው የሚወጣው። አንተ ይህን ስትሰማ አንድ ወር ሙሉ አላናገርከኝም፤ ከዚያ ወር የተሻለ ወር እንዳልነበረኝ ብነግርህ ይከፋሃል፣ ቢሆንም ነግሬሃለሁ። ሠራተኞችህ «አባ ጨምር» የሚል ስም ያወጡልህ በከንቱ አይደለም። በቃ ሲሉህ ጨምር፣ አለቀ ሲሉህ ጨምር። አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል ይባላል። አንተ ሳትጠግብ ግን ሲተፉ የሚያድሩት ሌሎች ናቸው።

ከየት እንደመጣህ አውቃለሁ። የሰው ቤት ተከራይታችሁ ስትኖሩ፣ አከራይዋ ዕቃችሁን መንገድ ላይ ስታወጣው፣ አንተ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነህ ያን ዕቃ ተቀምጠህ ስትጠብቅ እንደዋልክ መቶ ጊዜ ነግረኸኛል። በአሥራ ሁለት ዓመትህ ድንጋይ መሸከም ጀመርክ። ከዚያ ወዲህ አላረፍክም። የሠራህልን ቤትም ጥሩ ቤት ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ግድግዳ አልተሰነጠቀም። ይህን የምጽፈው እውነት ስለሆነ እንጂ ልቤ ስለራራ አይደለም።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ሌላውን ሁሉ የጻፍኩት እዚህ ላለመድረስ ይሆናል።

የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው ጓሮ ካሉት ሁለት ክፍሎች የገባነው። «ለስድስት ወር ነው፣ ትልቁ ቤት እስኪያልቅ» አልከን። የፊቱ ቤት ምድር ቤቱ ሲያልቅ አሥር ዓመቴ ነበር፤ መስታወቱ ገባ፣ በሩ ተቀባ፣ መብራቱ በራ። እናቴ እንግባ ስትልህ «ከላይ ሲሚንቶ እየወረደ ቤቱ ይበላሻል፣ አንዱን ፎቅ ልጨርስ» አልካትና ቆለፍከው። አንዱን ጨረስክ። ሌላ ጀመርክ። እናቴ መስኮት ልወልውል እያለች ቁልፉን ከአንተ ትቀበል ነበር። አንድ ቀን ፈልጌ ፈልጌ ሳጣት እዚያ አገኘኋት። ባዶው ሳሎን ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ ጨርቁን ጭኗ ላይ አድርጋ ፀሐይ ትሞቃለች። ስታየኝ እንደ ሌባ ደነገጠች። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ። በገዛ ቤቷ።

የሦስተኛውን ፎቅ ሶሌታ የሞላህ ዕለት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ልቧ ደክሞ ከተኛች ሁለት ሳምንት አልፏታል። ጠዋት ላይ እጄን ያዘችና፣ «አባትሽን ጥሪልኝ። ትንሽ አጠገቤ ይሁን» አለችኝ። መሰላሉን ወጣሁ። አንተ እስከ ቁርጭምጭሚትህ ኮንክሪት ውስጥ ቆመህ ነበር። ነገርኩህ። «ኮንክሪት ተጀምሮ አይቆምም። ሲያልቅ እወርዳለሁ» አልከኝ። በሙያው ውሸት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግማሹ ሲደርቅ ግማሹ ቢሞላ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል።

ሰው ሁሉ እስከዚህ ድረስ ያውቀዋል። አክስቴ በዚህ ስትወቅስህ ኖራለች። ከዚህ በኋላ ያለውን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

«አንድ ሰው ጎድሎኛል፣ ነይ ያዢ» ብለህ ባልዲ ሰጠኸኝ። እኔም ያዝኩ። ወርጄ አልመጣም አለ ማለት እችል ነበር፤ ወርጄ አጠገቧ መሆን እችል ነበር። ሰልፉ ውስጥ ገብቼ ባልዲ መቀበልና ማሳለፍ ጀመርኩ። ፈጣን ነበርኩ። አንተ ለሠራተኞቹ «አያችሁ፣ የአባቷ ልጅ» አልካቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ እናቴ ታች እየጠበቀች፣ እኔ ላይ ሆኜ ደስ ብሎኝ ነበር። ስወርድ ልብስ የምታጥብልን ሴትዮ ደጃፉ ላይ ቆማ እጇን በልብሷ ታደርቃለች። የመጨረሻዋን ሰዓት አጠገቧ የነበረችው እሷ ናት። «ወደ በሩ ስታይ ነበር» አለችኝ።

በልቅሶው ሰው ሁሉ በአንተ ላይ ሲያጉተመትም እኔ ዝም አልኩ። አንተም ልጄም አብራኝ ነበረች ብለህ አልተናገርክብኝም፤ እስከ ዛሬም አልተናገርክም። ለዚህ አመሰግንሃለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የምታገኘው ምስጋና ይኸው ብቻ ነው።

አሁን ፌሮዎቹን ለምን እንዳስቆረጥኩ ይገባህ እንደሆነ ልሞክር። አንተን ለማስቀየም ይመስልሃል። በከፊል አዎ። ግን ያን ቀን፣ ጮኼብህ ስጨርስ፣ መኝታ ቤት ገብቼ እርጥቡ አልጋ አጠገብ ቆምኩ። ቀና አልኩ። ኮርኒስ የለም፣ ጣሪያ የለም፣ የአንተ የድጋፍ እንጨቶችና ሰማይ ብቻ። ያን ጊዜ፣ የልጄ ደብተር ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ፣ ባሌ ደጅ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ በልቤ ምን አልኩ መሰለህ? ደረጃው በወጥ ቤቱ በኩል ቢሆን ላይ ሦስት ክፍል ይወጣል አልኩ። ቆጠርኳቸው። አንዱን ለልጄ፣ አንዱን ለእንግዳ ደለደልኩ። ከዚያ የራሴ ሐሳብ ገባኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ባልዲ የያዘችው ልጅ አሁንም እዚያው ሰልፍ ላይ ነበረች። እነዚያ ብረቶች አናቴ ላይ ቆመው እስካሉ ድረስ አንድ ቀን አንተ ሳትመጣ እኔው ራሴ ጣሪያውን አወርደዋለሁ። ስለዚህ ካንተ ይልቅ ከራሴ ነው ያዳንኩት።

ብየዳ ሠሪው መቁረጫውን ይዞ መሰላሉ ላይ ከወጣ በኋላ ወርዶ ተመለሰ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ለፎቅ የተተወ ነው፣ አንዴ ከተቆረጠ መቀጠል አይቻልም። ባለቤትሽ ያውቃሉ?» አለኝ። ያውቃል አልኩት። «አባትሽስ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ጠዋት ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ ጨረሰ። ልጄ ጆሮዋን ይዛ ብልጭታውን ስታይ ዋለች። በየብረቱ ሥር የነበረውን ቀዳዳ ሁሉ ደፈነልን። ስምንት ዓመት ሙሉ በየክረምቱ ሳሎናችን ውስጥ ባልዲ ስንደቅን የኖርነው በእነዚያ ቀዳዳዎች ምክንያት እንደሆነ ስንቴ ነግሬሃለሁ? «ፎቁ ሲሠራ ይቀራል» ነበር መልስህ። ይኸው ፎቅ ሳይሠራ ቀረ።

ሲሚንቶውን መልስ፣ ወይም ወደ ራስህ ቤት ውሰደው። አራተኛውን እየጀመርክ ነው አሉ። የታችኞቹን ሦስት ፎቆች ተከራይ ይዞታል፣ አንተ ዛሬም ጓሮ ነው የምትኖረው፤ በእነዚያው ሁለት ክፍሎች፣ እናቴ በሞተችበት አልጋ ላይ። ይህን ሳስብ አንዳንዴ ታሳዝነኛለህ። ከዚያ ፍራሼን አስታውስና ይተወኛል።

በሬን አልቆልፍብህም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም ቤት ነን። ከመጣህ ብቻህን ና። ሜትር አትያዝ፣ ቱምቢ አትያዝ፣ ሠራተኛ አታስከትል። ግድግዳ እንዳታንኳኳ፣ ጣሪያ ቀና ብለህ እንዳታይ፣ ለባሌ ስለ ሌላ ሥራ እንዳትነግረው፣ ልጄን ስንተኛ እንደወጣች እንዳትጠይቃት። እዚህ ለአንተ የሚሆን ምንም ሥራ የለም። ደረጃው ላይ ግን ለአራት ሰው የሚበቃ ቦታ አለ። ይህን ካልቻልክ እዚያው ቅር፤ በሠራተኛ ታጅበህ ከመጣህ ግን በሩን የምከፍትልህ እኔ አልሆንም፣ የሚከፍትልህም አይኖርም።

ልጄ አሁን ይህን ስጽፍ መጥታ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለአያትሽ ነው አልኳት። ይመጣል ወይ አለችኝ። ከመጣ ምንም ሳይሠራ ከኛ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲውል እንደጻፍኩልህ ነገርኳት። «አያቴ ቁጭ ማለት ይችላል?» አለችኝ።

አይቼ አላውቅም አልኳት።

ልጅህ